ዜማው ተጻፈ፤ አቋቋሙ አልተጻፈም

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድሜ ልጅ ነው። ባለፈው መስከረም ወር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን በምሽት ወደ ቤቴ መጥቶ «የኔታ፤ እርዱኝ» አለኝ። ፊደል ያስቈጠርሁት እኔ ስለ ሆንሁ አጎቴ ማለትን ትቶ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የኔታ ይለኛል። የመጣበትም ጉዳይ እነርሱ ተርም ፔፐር የሚሉት የመንፈቅ ዓመት ድርሰት ነበረ። መምህሩ «ዜማና የሰውነት እንቅስቃሴ» የሚል አርእስት ሰጥቶ፥ እያንዳንዱ ተማሪ የአንድን ሕዝብ ልማድ መርጦ እንዲጽፍ አዝዞ ኖሮ፥ ልጁ የቤተ ክርስቲያናችንን ማሕሌት መረጠ።

በእንግሊዝኛ የጻፈውን ዐሥራ ሁለት ገጽ በአማርኛ እየተረጐመ አነበበልኝ። ስለ ቅዱስ ያሬድ፥ ስለ ግዕዝና ስለ ዕዝል ስለ አራራይም፥ ስለ ድጓውና ስለ ምልክቱ የጻፈው ሁሉ ደኅና ነበረ። ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የጻፈው ግን አንዲት አንቀጽ ብቻ ስትሆን፥ እርስዋም «ካህናቱ በዝግታ ይጨፍራሉ» ትላለች። እኔም ተቈጥቼ «የሚጨፍሩት እነማን ናቸው?» ብለው፥ ልጁ አንገቱን ደፍቶ «የኔታ፤ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚናገሩት ስለ ድምፁ ነው፤ ስለ እጁና ስለ እግሩ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ ካለ ይስጡኝ» ሲል መለሰልኝ። መጽሐፍ ወዳለበት ሣጥን ብድግ ብዬ ሄድሁ። ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ጥቂት ካሰብሁ በኋላ ባዶ እጄን ተመለስሁ።

አስቀድሞ ስላስቈጣኝ ቃል ልናገር። ልጁ የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ሲተካ ጭፈራ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ያመጣ ነበር? ግዕዝ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው በግዕዝ ዘፈነ ማለት በእግር መዝለል፥ በሰውነት መወዛወዝ ነው። በአማርኛ ግን ዘፈን የምንለው ከአፍ የሚወጣውን ነው። ቃሉ ከእግር ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ ወጣ ማለት ነው። ይህን ብነግረው ልጁ መምህሩ ስለ ግሪኮች የነገራቸውን አስታወሰ። በጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ኮሮስ ማለት ክብ ሠርቶ የሚደረግ የእግር ጨዋታ ነበረ። አውሮፓውያን ዛሬ ከዚሁ ቃል አውጥተው ኳየር የሚሉት ግን በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚዘምረውን ጉባኤ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ድምፁ የእግሩን ስም ወረሰ።

የእኛ ሊቃውንት ግን ለማሕሌቱ እንቅስቃሴ ከዘፈንም ከጭፈራም የራቀ ስም አወጡለት፤ ይኸውም አቋቋም ነው። ቃሉ ቆመ ከሚለው አንቀጽ የወጣ ነው። መንቀሳቀስን መቆም ብሎ መጥራት ለባዕድ ሰው እንቈቅልሽ ይሆንበታል፤ ቅኔ ቤት ያደገ ግን ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እንዴት እንደሚቆም ያልተማረ ሰው እንዴት እንደሚዘነበል አያውቅምና ትምህርቱ ከመነሻው ተሰይሟል።

የዜማችን ታሪክ ራሱ ወደ እግር ይመራናል ብል ደፋር አያሰኘኝም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረውን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ በግንቦት 11 ቀን የሚነበበው ስንክሳር ይነግረናል። ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ነገር ግን የሚዘምረውም ሕመሙን አላወቀም፥ የሚሰማውም ያደረገውን አላየም። ከዚህም በኋላ ያሬድ ከንጉሡ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሰሜን አገር ሄዶ በዚያው ዐረፈ። መምህራን ይህን ታሪክ ሲተርኩ የዜማውን ጣዕም ያደንቁበታል። እኔን ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ የያዘኝ የሠዓልያኑ ነገር ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያሬድ ሲሣል መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፥ ጦሩም እግሩን ወግቶት ይታያል። ድምፅ በቀለም አይሣልምና ሠዓሊው የሣለልን እጁንና እግሩን ነው። ጸሐፊው ደግሞ ድምፁን ጻፈና እግሩን ለሠዓሊው ተወለት።

ድምፁ መቼ ተጻፈ? የሊቃውንት ትውፊት ከዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደርሰናል፤ እርሳቸው የነገሡት ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ነው። በተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት ሠሩለት ይባላል። ዘመኑን ልብ እንበል። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ከተደረገው ጦርነት ጀምሮ ግራኝ አሕመድ እስከ ሞተበት እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፥ መጻሕፍት ነደዋል፥ ብዙ ሊቃውንትም አልቀዋል። ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነገር አፉም ጆሮውም ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ያ ትውልድ በዐይኑ አይቶታል። የዜማ ምልክት ከዚያ ጥፋት ማግስት መነገሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሰው የሚጽፈው እንዳይጠፋበት የፈራውን ነውና።

ምልክቱም የሚሠራው እንዲህ ነው። ከንባቡ ቃል በላይ በትንሹ የሚጻፉ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት አሉ። እነዚህም ከሌላ የታወቀ ዜማ ቃል የተቈረጡ ሲሆኑ፥ ዘማሪው ባያቸው ጊዜ «ይህን ቃል እንደዚያ ቃል አዚመው» ይሉታል። ቍጥራቸው በመቶ የሚቈጠር ነው። ያን ሌላውን ዜማ አስቀድሞ በጆሮው ያልያዘ ሰው ግን ምልክቱን አንድ ዓመት ቢያየው አንዲት ድምፅ አያወጣለትም። ስለዚህ ምልክት አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አይደለም። ይህ ነገር ኋላ ይጠቅመናልና አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከፊደላቱ ሌላ በነጥብና በጭረት የሚጻፉት ስምንቱ ምልክቶች ይዘት፥ ደረት፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ርክርክ፥ ሂደት፥ ቍርጥ ይባላሉ። መምህራን እነዚህን በጌታችን ሕማም ይተረጕሟቸዋል፤ ይዘት መያዙ፥ ሂደት ተጐትቶ መሄዱ፥ ድፋት ሲወድቅ መደፋቱ፥ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፥ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ነው እያሉ። ትርጓሜውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን ልጁ ስሞቹን ተራ በተራ ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሳቸው ሲጥር ድንገት ቀና ብሎ «የኔታ፤ እነዚህ እኮ ሁሉም የሰውነት ቃላት ናቸው» አለኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠራቸው አላየሁትም ነበረ። መያዝ፥ ደረት፥ መደፋት፥ መታጠቅ፥ መሄድ፤ የድምፁ ምልክት ሁሉ ስሙን የተዋሰው ከአካል ነው። አካሉ ግን ለራሱ ምልክት ሳያገኝ ቀረ።

እንግዲህ ያልተጻፈው ምን እንደ ሆነ ልናገር። በማሕሌት ጊዜ ካህናቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ብቻውን ይመራል፤ የቀሩትም ይቀበላሉ። መጀመሪያ የሚባለው ቁም ዜማ ሲሆን ያለ መሣሪያና ያለ እንቅስቃሴ ነው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ ዘመመ፥ ዘነበለ ማለት ነውና መቋሚያው ከቃሉ ጋራ ወደ ፊት ይዘነበላል፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወሰዳል፥ ይነሣል፥ ደግሞም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ ይህ መረግድ ነው። ረገደ ማለት በእግር ረገጠ፥ አሸበሸበ ማለት ሲሆን፥ በግዕዝ ደግሞ መረግድ የከበረ ዕንቍ ስም ስለ ሆነ ስንት የቅኔ ተማሪ በዚህ ቃል ሰምና ወርቅ እንደ ሠራበት እግዚአብሔር ይወቀው። ከመረግድ በኋላ እጅ ማጨብጨብ የሚጨመርበት ፈጠን ያለው ጽፋት ይከተላል። ወረብም አለ፤ እርሱ በዝግታ ተጀምሮ እየፈጠነ ሄዶ ከበሮ መቺዎቹ በመካከል ሲመላለሱ የሚታይበት ነው። አንዲት አጭር ቃል በዚህ ሁሉ መዓርግ ስታልፍ ሰዓት ትፈጃለች።

አንድ ዜማ በዝማሜ ሲባል መቋሚያው በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚነሣና በየትኛው ላይ ምድር እንደሚነካ የተወሰነ ነው፤ በፈቃድ የሚደረግ አይደለም። ከመቶ ሰው አንዱ ቢሳሳት ከሩቅ ይታወቅበታል። ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ መናገሻ በሆነችው በጎንደር ይህ ትምህርት ተስፋፍቶ እስከ ዛሬም ድረስ የአቋቋም ምስክር የጎንደር በአታ ነው። ከጎንደሩ ስልት የሚለይ፥ በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራ ተክሌ የሚባል ስልትም አለ። ሁለቱን ስልቶች በጽሑፍ አስተያይቶ ለመለየት የሚፈልግ ሰው ግን ምን ይዞ ይለያል? ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ብንሄድ ምስክሩ መምህርና መጽሐፍ ነው። ለአቋቋም ምስክሩ መምህሩና ጉልበቱ ብቻ ነው።

አውሮፓውያንም ከዚህ ነገር ነፃ አልነበሩም። ልጁ ከዩኒቨርሲቲው ካመጣው መጽሐፍ እንደ ተረዳሁት፥ ጊዶ ዘአሬጾ የተባለ የኢጣልያ መነኩሴ በ11ኛው መቶ ዓመት ዜማን በመሥመር ላይ መጻፍን አስተማረ። የእግር እንቅስቃሴን በምልክት የሚጽፍ መጽሐፍ ፈረንሳዊው ፈዬ በፓሪስ ያሳተመው ግን በ1700 ነው፥ እንደ እነርሱ አቈጣጠር። በመካከሉ ስድስት መቶ ዓመት ይበልጣል። መላ ሰውነትን የሚጽፈውን ሥርዓት ሩዶልፍ ላባን ያወጣው ደግሞ በ1928 ነው። ወደ እኛ ዜማ የመጡትም እንዲሁ ከድምፁ ጀመሩ። ከ1798 እስከ 1801 ቦናፓርት ወደ ግብፅ ሲዘምት አብሮ የሄደው ቪሎቶ የተባለው የሙዚቃ ሊቅ በካይሮ የነበሩትን የኢትዮጵያ ካህናት አዘምሮ ድምፁን በአምስቱ መሥመር ጻፈው። ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ክፍል የታተመው የኬይ ሸለማይና የፒተር ጄፈሪ ታላቅ መጽሐፍም የደከመው ከሁሉ ይልቅ በድምፁና በምልክቱ ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛ ያልጻፍነውን እነርሱ ከየት ይጽፉልናል?

ከአውሮፓውያኑ መካከል ልጁ የወደደው ዣክ ዳልክሮዝ የተባለውን ነው። ይህ ሰው ከ1892 ጀምሮ በጄኔቭ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ የተጻፈውን በጣታቸው አስተካክለው እየተጫወቱ ልኩን ግን በሰውነታቸው እንደማያውቁት አየና፥ እያራመደና እጃቸውን እያስነሣ ያስተምራቸው ጀመር። በ1911 ድሬስደን በምትባለው የጀርመን ከተማ አጠገብ ትልቅ ትምህርት ቤት ተሠራለት፤ የ1914ቱ ጦርነት ሥራውን አቋረጠበት። ልጁ ይህን ሲነግረኝ «የእኛ አባቶች ይህን ያወቁት ከስንት መቶ ዓመት በፊት ነው!» ብዬ ልኮራ አፌን ከፈትሁ። እርሱ ግን ቀደመኝና «የኔታ፤ እንግዲያውስ አንድ ዝማሜ ያሳዩኝና ልጻፈው» አለ።

ከዚህ ላይ ነውሬን መናገር አለብኝ። በወጣትነቴ ወደ ቅኔ ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት በአቋቋም ቤት ተቀምጬ ነበር። ሳልጨርስ ወጣሁ። ለሰው ስናገር ቅኔ ስለ ሳበኝ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን አቋቋምን የእግር ሥራ፥ ቅኔን የአእምሮ ሥራ አድርጌ ስለ ናቅሁት ነው። የሳኦል ልጅ ሜልኮል በታቦቱ ፊት የሚያሸበሽበውን ዳዊትን በመስኮት አይታ በልብዋ እንደ ናቀችው ስናነብ ሁላችንም እንፈርድባታለን፤ እኔም ከእርስዋ ጋራ በመስኮቱ ቆሜ እንደ ነበርሁ አላወቅሁም።

መቋሚያዬን ከጥግ አንሥቼ ድጓውን በአትሮንሱ ላይ ዘርግቼ ጀመርሁ። ድምፁ አልጠፋብኝም፤ ምልክቱ ከፊቴ ነበረና። ነገር ግን ከሁለተኛው ሐረግ ስደርስ መቋሚያው ወደ ቀኝ ይሂድ ወይስ ወደ ግራ፥ እጄ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አልነበረኝም። ደግሜ ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ ደግሞም ከዚያው ላይ ቆምሁ። ልጁ እርሳሱን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። የአቋቋም መምህሬ ካረፉ ዘመን የለውም፤ ከእርሳቸው ተምረው ያቺን ዝማሜ እርሳቸው እንዳሉት አድርገው የሚሉ ዛሬ ስንት እንደ ቀሩ በጣቴ ብቈጥር እጄ አልሞላልኝም።

ስለዚህ በማግሥቱ ልጁን ይዤው በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ወዳሉት መሪጌታ ሄድሁ። ወራቱ የማሕሌተ ጽጌ ነበረ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ተቁሞ የእሑድ ፀሐይ ይወጣል። መሪጌታም የልጁን ጉዳይ ሰምተው «ጽሑፉን ኋላ ትጽፋለህ፤ አሁን ከኋላዬ ቁም» አሉት። በመጀመሪያው ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በፊት ተቀመጠ። በሁለተኛው ሌሊት አልተቀመጠም፤ ሲነጋ ግን እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ አለው። በሦስተኛው ሌሊት ከበሮው ሲነሣ አየሁት፤ እርሳሱም ወረቀቱም በኪሱ ነበር፥ ሰውነቱም ከሰልፉ ጋራ ይዘነበል ነበር።

በመንገድ ስንመለስ አንድ ነገር አማከረኝ። የላባንን ምልክት እንደ ሆነ ከእኛ ካህናት የሚያነበው የለም፤ በስልክ ሥዕል ማንሣትም ውጪውን ያሳያል እንጂ መቋሚያው በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚወድቅ ቈጥሮ አይነግርም። ስለዚህ የራሱን ጥቂት ምልክቶች ሠርቶ በድርሰቱ መጨረሻ አንድ ዝማሜ ሊጽፍባቸው አሰበ። እኔ በመጀመሪያ አልተቀበልሁትም። አባቶች ያልጻፉትን አንተ ማን ነህና ትጽፋለህ? ደግሞስ አካልን በወረቀት የሚማር ትውልድ መምህር ፊት መቆምን አይተውምን? አልሁት። እርሱ ያን ጊዜ ያንኑ የነገርሁትን መለሰልኝ፤ «የኔታ፤ የድጓው ምልክት አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አይደለም ብለውኛል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ስለ ሠሩ የድጓ ቤት ተዘጋን?»

የምለው አጣሁ። ቤተ ልሔም እስከ ዛሬ ድረስ ተማሪው በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ቃል በቃል ይቀጽላል፤ ምልክቱም አላስቀረውም። ምልክት ያልተሠራለት ግን በእኔ እጅ ላይ ሲጠፋ በገዛ ቤቴ አይቻለሁ። ሆኖም ሥጋቴ ፈጽሞ ወጣልኝ አልልም።

የልጁ ሥራ ቀላል ነው። የድምፁ ምልክት ከንባቡ በላይ ስለሚጻፍ የአካሉን ምልክት ከንባቡ በታች አደረገው። መቋሚያው ሲነሣ አንድ፥ ሲዘነበል ሌላ፥ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሌላ፥ ምድር ሲነካ ነጥብ፤ በጠቅላላው ሰባት ምልክት ነው። በኅዳር ወር ወረቀቱን ለመሪጌታ ወስዶ አሳያቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፥ በአፋቸው እያዜሙ በጣታቸውም እየተከተሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት። ከዚያም «እጁ ደኅና ነው። ጉልበቱስ የት አለ?» አሉ። ልጁም ለጉልበት ምልክት እንዳልሠራ ነገራቸው። መሪጌታ ተነሥተው መቋሚያውን ያዙና ያችን ቃል ዘለቋት፤ እጃቸው ከመዘንበሉ አስቀድሞ ጉልበታቸው ጥቂት ሲሰበር ሁለታችንም አየን። አንድ ጊዜ ካዩት በኋላ የማይታይ አልነበረም፤ እስከዚያ ግን አላየነውም። ልጁ ስምንተኛውን ምልክት ጨመረ።

ድርሰቱን ለዩኒቨርሲቲው አስረክቧል፤ መምህሩ ስንት እንደ ሰጠው አልጠየቅሁትም። ጽጌው ካለፈ በኋላም ልጁ በበዓላት ሌሊት መምጣቱን አልተወም። ለልደት ማሕሌት ስንገባ መሪጌታ ከበሩ አጠገብ አገኙንና ለእርሱ መቋሚያውን ሰጡት፤ ሁለተኛም ከግድግዳው አንሥተው «መምህር፤ እርስዎም ከልጁ ጐን ይቁሙ» ብለው ለእኔ አቀበሉኝ።